ሦስት ጊታር ይዞ ብሉዝ ባንድ ማቋቋም ይቻላል? የመዲ ዋተርስ ባንድ እንዴት እንደተሰባሰበ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችን ጊታር እንጫወታለን፣ አንዱ ድራመር ነው። ብሉዝ ብቻ የሚጫወት ባንድ ማቋቋም አስበናል። የቺካጎው የመዲ ዋተርስ ባንድ እንዴት ተመሠረተ? አባላቱስ እነማን ነበሩ? ቤዝ አልነበራቸውም ሲባል ሰምተናል፤ እውነት ነው? እኛስ ያለ ቤዝ መጀመር እንችላለን?

መልስ፦ አጭሩን ላስቀድም። አዎ፣ እውነት ነው። የመዲ ዋተርስ ባንድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክለብ ውስጥ ሲሠራ ቤዝ ተጫዋች አልነበረውም። ሁለት ጊታር፣ አንድ ሃርሞኒካ፣ አንድ ድራም፤ በቃ። እናንተም ያለ ቤዝ መጀመር ትችላላችሁ። ግን ከሦስታችሁ አንዱ ሶሎ መጫወቱን መተው አለበት። ሌላው ደግሞ ጊታሩን ጭራሽ ማስቀመጥ ሳይኖርበት አይቀርም። ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ስለሆነ ታሪኩን በዚህ በኩል ልንገራችሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መዲ ዋተርስ የመድረክ ስሙ ነው። የቤት ስሙ መኪንሊ ሞርጋንፊልድ ነው። ያደገው ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ክላርክስዴል ከተማ አጠገብ ባለው የስቶቫል እርሻ ላይ ነው። ቀን ቀን እርሻ ላይ ይሠራል፣ ቅዳሜ ማታ ጊታር ይጫወታል። በ1941 አለን ሎማክስና ጆን ወርክ የተባሉ አጥኚዎች ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሙዚቃ ሊሰበስቡ መጥተው እዚያው ቀረጹት። የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ፣ ሸክላ ካስቀረጹት ሰዎች እንደማያንስ ገባው። በ1943 ባቡር ተሳፍሮ ቺካጎ ገባ። በዚያን ጊዜ ከደቡብ ግዛቶች ብዙ ሺህ ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች እየጎረፉ ነበር። የዚህ ባንድ አባላትም ሆኑ አድማጮቹ የዚያ ስደት ልጆች ናቸው።

ቺካጎ ውስጥ መጀመሪያ ወረቀት ፋብሪካ፣ በኋላ ደግሞ የጭነት መኪና ላይ ሠርቷል። ማታ ማታ ሰው ቤት ድግስ ላይ ይጫወታል። ክለብ ሲገባ ግን ችግር ገጠመው። ክለብ ውስጥ ሰው ያወራል፣ ይጨፍራል፣ ጠርሙስ ይጋጫል። አኩስቲክ ጊታር ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ያዘ። ስለ «ኤሌክትሪክ ብሉዝ» ብዙ ፍልስፍና ይጻፋል። መነሻው ግን ይኸው ነው፤ ጫጫታ።

አሁን ወደ አባላቱ። መጀመሪያ የተገናኙት መዲ፣ ጂሚ ሮጀርስና ብሉ ስሚቲ ናቸው። ጂሚም የሚሲሲፒ ልጅ ነው። ብሉ ስሚቲ ጊታር ላይ ጎበዝ ነበር፤ በስላይድ (ክሩ ላይ በሚንሸራተት ቱቦ) ብቻ ይጫወት ለነበረው ለመዲ በጣት መጫወትን አሳይቶታል። ልብ በሉ፣ ያኔ ጂሚ ሃርሞኒካ ነበር የሚነፋው። ብሉ ስሚቲ ብዙም ሳይቆይ ቡድኑን ተወ።

ከዚያ ሊትል ዋልተር መጣ። ከሉዊዚያና ገና በልጅነቱ የወጣ፣ ነገረኛ ወጣት ነው። ማክስዌል ስትሪት የሚባል የቺካጎ ገበያ አለ፤ እሁድ እሁድ ሙዚቀኞች መንገድ ዳር አምፕ ሰክተው የሚጫወቱበት ቦታ ነበር። ጂሚ ሮጀርስ ዋልተርን ያገኘው እዚያ ነው። ሰማው። ከሱ የሚበልጥ ሃርሞኒካ ነፊ እንደሆነ ገባው። ምን አደረገ? ወደ መዲ ወሰደው። ራሱ ሃርሞኒካውን ኪሱ ከቶ ሁለተኛ ጊታር ያዘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ስንቶቻችን ነን የምንበልጠውን ሰው በገዛ እጃችን አምጥተን ቦታችንን የምንለቅለት? በኔ ዕይታ የዚህ ባንድ ቁልፍ ሰው መዲም ዋልተርም አይደለም፤ ጂሚ ሮጀርስ ነው።

አራተኛው ሌሮይ ፎስተር ነው። ፊቱ የልጅ ስለሚመስል «ቤቢ ፌስ» ይሉታል። ጊታርም ድራምም ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። መዲና ጂሚ ጊታር ላይ ስለነበሩ እሱ ወደ ድራሙ አዘነበለ። እንግዲህ አያችሁ? ከአራቱ ሁለቱ በለመዱት መሣሪያ አልነበሩም፤ ባንዱ በጎደለው በኩል ሄዱ እንጂ።

እነዚህ አራት ሰዎች ሥራ በሌላቸው ማታ ከክለብ ክለብ ይዞሩ ነበር። ሌላ ባንድ የሚሠራበት ይገባሉ፣ «አንድ ሁለት ዘፈን እንሞክር» ብለው ይለምናሉ። መድረኩን ካገኙ ግን አለቀ፤ ሰዉን ይዘውት ይቀራሉ። አንዳንዴም የክለቡን ሥራ ከነባሮቹ ይነጥቃሉ። «ሄድሀንተርስ» (ጭንቅላት አዳኞች) የሚል ቅጽል የወጣላቸው በዚህ ነው። ይህን እንድትኮርጁ አልመክርም። አዲስ አበባ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ከዚያው ባንድ አምፕ ትዋሳላችሁ።

ቤዝ ሳይኖር ታችኛውን ድምፅ ማን ያዘው? ጂሚ። ወፍራሞቹን ክሮች ይዞ ከታች ይመላለሳል። መዲ ከላይ በስላይድ ያለቅሳል፣ ይዘፍናል። የአሥራ ሁለት ባር ብሉዝ አካሄዱን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ባር አራት ምት ነው። አንድ ስንኝ ሲዘፈን ሁለት ባር ያህል ይወስዳል፤ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ባሮች ከድምፃዊው ነፃ ናቸው። ዋልተር የሚገባው እዚያ ነው። መዲ ተናግሮ ዝም ይላል፣ ሃርሞኒካው ይመልስለታል። ጂሚ በዚህ ሁሉ መሀል ንቅንቅ አይልም። ሶሎ መጫወት ስለማይችል አይደለም፤ የራሱ ሸክላዎች ያሉት ጥሩ ድምፃዊና ጊታሪስት ነበር። እሱ ከዚያ ከተነቃነቀ ግን ቤቱ ይፈርሳል።

ስለ ቤዙ ሰው የሚምታታው በሸክላዎቹ ምክንያት ነው። ይህን ጠጋ ብለን እንየው። በ1947 ሰኒላንድ ስሊም የተባለ ፒያኒስት መዲን አሪስቶክራት ወደሚባል ትንሽ የሙዚቃ ኩባንያ ወሰደው። መዲ ያኔ የመስኮት መጋረጃ በመኪና ያደርስ ነበር። ታሪኩ እንደሚነገረው፣ ለቀረጻ ሲጠራ አለቃውን «ዘመዴ ሞቶ ተገኘ» ብሎ ነው ከሥራ የወጣው። (ሙዚቀኛና ፈቃድ! የትም አገር አንድ ነው።) የኩባንያው ሰው ሊዮናርድ ቼስ ባንዱን አልፈለገም። መዲን በኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቢግ ክሮፎርድን በትልቁ ቁም ቤዝ አድርጎ ሁለቱን ብቻ ቀረጸ። በ1948 «አይ ካንት ቢ ሳቲስፋይድ» የሚለው ሸክላ ሲወጣ የመጀመሪያው እትም ወዲያው አለቀ። መዲ ራሱ የገዛ ሸክላውን ለመግዛት ተቸግሮ ነበር ይባላል፤ ሱቁ ለአንድ ሰው ከተወሰነ ቁጥር በላይ አልሸጥም ብሎ።

ቼስ ከዚያ በኋላ የሚሸጠውን ነገር ለምን ይነካ? ሁለት ዓመት ያህል መዲ ክለብ ውስጥ ከባንዱ ጋር ይሠራል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ከክሮፎርድ ጋር ይቀረጻል። ስለዚህ የ1948ን ሸክላ የሚሰማ ሰው ቤዝ ይሰማል፤ ማታ ክለቡ የሄደ ሰው ግን ቤዝ አላየም። ሁለቱም ልክ ናቸው። በ1950 መጀመሪያ መዲ፣ ዋልተርና ሌሮይ ፓርክዌይ ለሚባል ሌላ ኩባንያ ሄደው ተቀረጹ። ሸክላው የወጣው በሌሮይ ስም ነው። ግን የመዲን ስላይድ ሰምቶ የማይለየው ማን ነው? ቼስ በጣም ተቆጣ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ስሙን ቼስ ሪከርድስ ብሎ ቀየረ፤ ዋልተርም ወደ ስቱዲዮው መግባት ጀመረ።

ሌሮይ በራሱ መንገድ ሄደ፤ ድራሙን ኤልጋ ኤድመንድስ ያዘ። በ1951 በተቀረጸው «ሺ ሙቭስ ሚ» ላይ ኤድመንድስ የተፈለገውን ምት ሊይዘው አልቻለም። ሊዮናርድ ቼስ ራሱ ገብቶ ትልቁን ከበሮ መታው። ነጋዴው! ስሙት፤ ምንም ጌጥ የለውም፤ ድም፣ ድም፣ ድም። ለድራመራችሁ አሰሙልኝ። እንደዚህ ባዶ ሆኖ መምታት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ሲሞክረው ነው። በዚያው ቀረጻ ዋልተር ሃርሞኒካውን በአምፕ አስገብቶ ነፋ። ማይኩንና ሃርሞኒካውን አንድ ላይ በመዳፉ አፍኖ ይይዛል። ድምፁ ወፍራም ይሆናል፣ ትንሽም ይሻክራል፤ አንዳንዴ ሳክስ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የመጣ የብሉዝ ሃርሞኒካ ነፊ ሁሉ በዚህ በኩል ሳያልፍ አልቀረም።

ከዚያ 1952 መጣ። ባንዱ ክለብ ውስጥ የሚጫወታት አንዲት ግጥም የሌላት ዜማ ነበረች። ግንቦት 12 ቀን በዋልተር ስም ቀረጿት፣ «ጁክ» ተባለች። ጊታሮቹ መዲና ጂሚ፣ ድራሙ ኤድመንድስ ናቸው። ቤዝ የለም። የጠየቃችሁትን በጆሮአችሁ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ይህቺን ስሙ። በቢልቦርድ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ለ8 ሳምንት አንደኛ ሆነች። መዲ ራሱ አንደኛ የወጣ ዘፈን ኖሮት አያውቅም።

ባንዱ ያኔ ወደ ደቡብ ለሥራ ወጥቶ ነበር። ዋልተር ዘፈኑ በየመጠጥ ቤቱ ሲጮህ ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ቺካጎ ተመለሰ። እዚያ ጁኒየር ዌልስ የሚባል ገና 18 ዓመት ያልሞላው ሃርሞኒካ ነፊ፣ «ኤሴስ» ከሚባል ባንድ ጋር ይሠራል። ሉዊስና ዴቭ ማየርስ የሚባሉ ወንድማማቾች ጊታር፣ ፍሬድ ቢሎው ድራም። ዋልተር ይህን ባንድ ወሰደው። ጁኒየር ዌልስ ደግሞ በዋልተር ቦታ መዲ ጋ ገባ። በእግር ኳስ ዝውውር እንኳ እንዲህ ያለ ልውውጥ አይገኝም። ኤሴሶችም ቤዝ አልነበራቸውም፤ ዴቭ በጊታሩ ታችኛውን ይይዝ ነበር። በኋላ ግን በቺካጎ ብሉዝ ኤሌክትሪክ ቤዝ ቀድመው ከያዙት አንዱ ሆነ።

የሚገርመው፣ ዋልተር ከባንዱ ቢወጣም በመዲ ሸክላዎች ላይ ለዓመታት መንፋቱን ቀጥሏል። በ1953 ደግሞ ፒያኒስቱ ኦቲስ ስፓን መጣ። ከ15 ዓመት በላይ ቆየ፤ ኑሮውም መዲ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። ስፓን ሲገባ የባንዱ ሳውንድ ሞላ።

ጥር 7 ቀን 1954 «ሁቺ ኩቺ ማን» ተቀረጸ። ደራሲው ዊሊ ዲክሰን ነው፤ ቀድሞ ቦክሰኛ የነበረ ግዙፍ ሰውዬ፣ ቤዙንም ራሱ ተጫወተ። ዘፈኑን ለመዲ ያስጠናው ዛንዚባር በሚባል ክለብ፣ በእረፍት ሰዓት፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። መዲ ከዚያ ወጥቶ ወዲያው መድረክ ላይ ሞከረው። ባንዱ በሙሉ አንድ አጭር ሐረግ ይመታል፣ ይቆማል። መዲ በዝምታው ውስጥ ብቻውን ይናገራል። ደግሞ ይመታሉ፣ ይቆማሉ። ስድስት ሰው በአንድ ላይ ዝም ማለት ሲችል ነው ባንድ የሚባለው። ልምምዳችሁን በዚህ ጀምሩ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ የማን ክር እንደሚያስተጋባ ያኔ ይታያችኋል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቶሎ ልለፋቸው። ጁኒየር ዌልስ ለውትድርና ተወሰደ፤ ሌሎች ሃርሞኒካ ነፊዎች ገብተው ወጡ፣ በመጨረሻ ጄምስ ኮተን ከሜምፊስ መጥቶ ረጋ። ጂሚ ሮጀርስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለራሱ ሥራ ወጣ። ጊታሩን ፓት ሄር፣ ድራሙን ፍራንሲስ ክሌይ ያዙ። ሐምሌ 3 ቀን 1960 ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ የተቀረጸውን አልበም ስትሰሙ፣ አንድሩ ስቲቨንስ የሚባል ቤዝ ተጫዋች አለ። ስለዚህ ቤዙም በመጨረሻ መጣ።

ሌላ ዓይነት አመሠራረትም አለ፤ ለናንተ ስለሚጠቅም ባጭሩ። ፖል ባተርፊልድ የሚባል የቺካጎ ነጭ ወጣት በ1963 ባንድ ሲያቋቁም የጀመረው ከምቱ ነው። ቤዝ ተጫዋቹን ጄሮም አርኖልድንና ድራመሩን ሳም ሌይን ሃውሊን ዎልፍ ከሚባለው የቺካጎ ብሉዝ ዘፋኝ ባንድ፣ የተሻለ ክፍያ አቅርቦ ወሰዳቸው። ጊታሩን ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ኤልቪን ቢሾፕ ያዘ። ታዋቂው ጊታሪስት ማይክ ብሉምፊልድ የመጣው በኋላ ነው። አያችሁ ቅደም ተከተሉን? ሊድ ጊታር መጨረሻ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ሦስት ጊታሮች። አንዳችሁ የጂሚን ሥራ ያዙ። ፒኩን ወፍራሞቹ ክሮች ላይ አሳርፎ፣ ማታውን ሙሉ ሶሎ ሳይጫወት የሚያድር ሰው። ቤዝ ጊታር ከተገኘም ይኸው ሰው ይያዘው። ሁለተኛው ሊድ ይሁን። ሦስተኛው ጊታሩን ያስቀምጥና ሃርሞኒካ ይማር። ባለ አሥር ቀዳዳው ትንሹ ሃርሞኒካ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ የዘፈኑ ኪ (መነሻ ድምፁ) «ኢ» ከሆነ የሚያዘው የ«ኤ» ሃርሞኒካ ነው። «ኤ» ከሆነ የ«ዲ»። በዚህ አያያዝ አየር ወደ ውስጥ እየሳባችሁ ድምፁን ታጎብጡታላችሁ። በዘፈኑ ኪ ልክ ያለውን ሃርሞኒካ ከያዛችሁ ያ ልቅሶ አይመጣም፤ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ነው።

ድራመራችሁ ችክችካ ላይ ያደገ ከሆነ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ሸፍል የሚባለው የብሉዝ ምትም ውስጡ ሦስት ሦስት እየሆነ ነው የሚሄደው። ግን በአራት ምት ላይ መቀመጡን አይርሳ፤ ካልተጠነቀቀ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሠርግ ቤት ይወስዳችኋል። ጊታሪስቶች ደግሞ ለብሉዝ የሚሆን አዲስ ስኬል አትፈልጉ። ከ«ሲ» ብንነሳ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት፤ ይህ ባቲ ማይነር ነው፤ የብሉዝ ጊታሪስት መሠረታዊ አምስት ድምፆችም እነዚሁ ናቸው። ልዩነቱ ከሥር ኮርዱ መቀያየሩና ኢ ፍላቷን ክሩን ገፍቶ ከፍ ማድረጉ ነው። ብሉዝ ትዝታ ነው የሚለውን ወሬ ግን ተዉት። ስሜቱ ይቀራረብ ይሆናል፤ የትዝታ ማይነር ድምፆች ሌላ ናቸው።

በአማርኛ መዝፈን ካሰባችሁ ግጥሙ አያስቸግርም። ብሉዝ አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይልና በሦስተኛው ይመልሳል። የኛ ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ልክ ይገባበታል።

ባቡሩ አመለጠኝ ሻንጣዬን ሳነሳ፣
ባቡሩ አመለጠኝ ሻንጣዬን ሳነሳ፣
ርቀሽም ብትሄጂ ልቤ አንቺን አይረሳ።

ግጥሙ ተራ ነው፣ ለምሳሌ ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ሃርሞኒካው መልስ የሚሰጥበት ቦታ መኖሩን ብቻ እዩ። እኛ አገር ባንድ ብዙውን ጊዜ የሚያድገው ብዙ ድምፃዊ በማጀብ ነው፤ ሮሃ ባንድን አስቡ። አጃቢ ባንድ ክፍተት ሲያይ መሙላት ይለምዳል። እዚህ ክፍተቱን አንድ ሰው ብቻ ይሙላው፤ ሌሎቻችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ስለ ክፍያም ከመጀመሪያው ሥራ በፊት ተነጋገሩ። መዲ እንኳ፣ ስንት ዘመን ከሠራ በኋላ፣ በ1980 አባላቱ በክፍያ ጉዳይ ተሰብስበው ጥለውት ወጥተዋል። ከነሱ ብዙዎቹ ሄደው ሌላ ባንድ አቋቋሙ።

አንድ ነገር ግን አልጻፋችሁልኝም። ማን ነው የሚዘፍነው? በመዲ ባንድ ውስጥ ጂሚም፣ ዋልተርም፣ ሌሮይም፣ ስፓንም ይዘፍኑ ነበር። እናንተ ውስጥ ድምፅ ያለው ማን እንደሆነና በየትኛው ኪ እንደሚመቸው ጻፉልኝ። ኪው ከታወቀ የትኛውን ሃርሞኒካ እንደምትገዙና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች የትኞቹ ቢሆኑ እንደሚሻል እነግራችኋለሁ።